ቱሉ ዲምቱን በእግር መውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሌ በተመለስኩ ቁጥር ፎቶውን ያየ ሁሉ ይደውላል። «እንዴት ነው የሚኬደው?» «ይበርዳል?» «ልጆች ይችሉታል?» እስካሁን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ኖርኩ። አሁን መልሶቹን አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አንዳንዱ ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ ያለበት ሰፈር አይደለም እንዴ?

ስሙ አንድ ነው፣ ቦታው ሌላ። አዲስ አበባ ላይ ቱሉ ዲምቱ ሲባል ትዝ የሚለን ኮንዶሚኒየሙና የአዳማው ፈጣን መንገድ መነሻ ነው። እኔ የማወራው ስለ ባሌው ነው። በኦሮምኛ ቱሉ ኮረብታ ወይም ተራራ ማለት ነው፤ ዲምቱ ደግሞ ቀይ። የባሌው ቀይ ኮረብታ የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳነቴ በሚባለው ሰፊ አምባ ላይ ነው። ከፍታው 4,377 ሜትር ነው።

በኢትዮጵያ ሁለተኛው ከፍተኛ ተራራ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እንደ አቆጣጠሩ ነው። ብዙ ቦታ ከራስ ደጀን ቀጥሎ ሁለተኛ ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነገር ግን በሰሜን ተራሮች ከራስ ደጀን ሌላ ከ4,400 ሜትር የሚያልፉ ጫፎች አሉ። ቧሂት አንዱ ነው። የሰሜንን ጫፎች በሙሉ እንደ አንድ ተራራ የሚቆጥር ሰው ቱሉ ዲምቱን ሁለተኛ ያደርገዋል። ጫፍ በጫፍ የሚቆጥር ደግሞ ወደ ታች ያወርደዋል። የማያከራክረው፣ በኦሮሚያ ከእሱ የሚበልጥ አለመኖሩ ነው።

ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ እንዴት «አጭር ጉዞ» ይባላል?

ከግርጌ ስለማትነሱ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴን መሀል ለመሀል ያቋርጠዋል። በአፍሪካ ክረምት ከበጋ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ከፍተኛው ይኸው ነው ይባላል። አምባው ላይ ስትደርሱ መኪናው 4,000 ሜትር አካባቢ አድርሷችኋል። የቀረችው ኮረብታ ከ400 ሜትር ያነሰ ሽቅብ ናት።

ከሩቅ ስትታይም የምታስፈራ አይደለችም። ገደል የላትም፣ ሹል ጫፍ የላትም። ሜዳ ላይ እንደተኛ በሬ ጀርባ ክብ ብላ ነው የምትታየው። ገመድ አያስፈልግም፣ ድንጋይ መቧጠጥ የለም። መሄድ የለመደ ሰው ዝቅ ባለ አገር ይህን ያህል ሽቅብ በየሳምንቱ ይወጣል፤ እንጦጦን ወይም የረርን የወጣ ሰው እግሩ አይቸገርም። የሚቸገረው ሳንባው ነው። እሱን ከታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

ቀስ ብሎ ለሚሄድ፣ ቆም እያለ ለሚያይ ሰው፣ ከዋናው መንገድ ተነስቶ ወጥቶ ለመውረድ ግማሽ ቀን መመደብ ይበቃል።

መኪና እስከ ጫፉ ይወጣ የለም? ታዲያ ለምን በእግር?

ይወጣል። ጫፉ ላይ የመገናኛ አንቴና ስላለ የጠጠር መንገድ እስከ ላይ ተሠርቷል። አብዛኛው ጎብኚ በላንድክሩዘር ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ይወርዳል።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እንደዚያ ነው። ስድስት ሆነን አንድ መኪና ውስጥ ታጭቀን ወጣን። በሩን ስንከፍት ንፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው። ሁለት ፎቶ አነሳን። ጓደኛዬ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላን ወደ ታች ተመለስን። ማታ ጎባ ሆቴል ውስጥ ፎቶውን ሳይ የማስታውሰው ነገር አልነበረኝም። አንቴና፣ ድንጋይ፣ ሰማይ፤ በቃ።

በሁለተኛው ጉዞ መኪናውን ከታች ዋናው መንገድ ላይ አቁመን ከአንድ የዲንሾ ልጅ ጋር በእግር ጀመርን። መቶ እርምጃ ሳንሄድ እጁን ዘርግቶ አቆመን። ከፊታችን መሬቱ ላይ ከጀበና አፍ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ነበር። ዙሪያው ትኩስ አፈር ተዝቋል። ዝም ብለን ቆምን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ጥርሱ ቢጫ የሆነ ፍልፈል ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ያለውን ሣር በፍጥነት እየጎተተ ማስገባት ጀመረ። ከቀዳዳው ግን ጨርሶ አልወጣም። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማ በተቆፈረው አፈር ውስጥ የወጣውን ትል ትለቅማለች። እኔ እግሬን ሳንቀሳቅስ ወፏ ጮኸች። ፍልፈሉ ወዲያው ጠፋ።

ይህ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች ሌላ የትም የለም። ትልቁ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በመኪና መስኮት አይታይም። ለእኔ ሳነቴን በእግር የመሄድ ምክንያቱ ይኸው ነው። እዚያ ያለው ሕይወት አብዛኛው ከጉልበት በታች ነው፤ የሚታየው ቀስ ብሎ ለሄደና ቆም ላለ ሰው ብቻ ነው። እባካችሁ መኪናውን ታች ተዉት።

ትንፋሽ ያጥረኛል? ከፍታው ያመኛል?

ትንፋሽ ማጠሩ አይቀርም፤ ሁላችንም ያጥረናል። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ውኃ እንኳ እዚያ የሚፈላው በ85 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጥቂት ዕድል አለው። ከተማው ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነቱ በከፊል ለምዷል። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ዲሲ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ግን ሌላ ነው። ትናንት ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረን ሰው ነገ 4,377 ሜትር ላይ ማቆም ግፍ ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ዲንሾ ወይም ጎባ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት ይደር። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጎባ ትንሽ ዝቅ ይላል።

መንገድ ላይ ዋናው መድኃኒት ዝግታ ነው። መሪያችን በየደቂቃው «ሱታ፣ ሱታ» ይለን ነበር። ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። ልኩን የማውቀው በማውራት ነው፤ እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ውኃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ማታ አልኮል ይቅርባችሁ።

ቀላል ራስ ምታት ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። ቁጭ ብሎ ማረፍና ውኃ መጠጣት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ሰውየው እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሹ ካልተመለሰ ግን ክርክር የለም፤ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል። «ትንሽ ናት የቀረችው» አይባልም። ደግነቱ መንገዱ ቅርብ ነው፣ መኪናው ከታች ይጠብቃል፤ ቶሎ ዝቅ ማለት ይቻላል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከመነሳታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

መቼ ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በእነዚያ ወራት ጭጋግና ጭቃ አለ። በበጋው ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሩቅ ይታያል። ዋጋው ብርዱ ነው። በበጋ ሌሊት ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጠዋት ስትደርሱ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ስትረግጡት እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰባበራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ጃኬት ታወልቃላችሁ።

በክረምት መሄድም የራሱ ጥቅም አለው። አምባው ላይ ያሉት ትንንሽ ሐይቆች ሞልተው ወፍ ይሰፍርባቸዋል። ወፍ ለሚወድ ሰው ያ ወቅት ይሻለዋል።

ከቀኑ ውስጥ ጠዋቱን ምረጡ። ከጎባ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ደመናው በስተደቡብ ካለው ከሀረና ጫካ በኩል ሽቅብ ይመጣና ኮረብታውን ይሸፍነዋል።

ከአዲስ አበባ እንዴት ነው የሚኬደው? ክፍያስ?

ከጎባ አጠገብ ያለችው የሮቤ ከተማ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። በመኪና በሻሸመኔ በኩል ወይም በአሰላና በበቆጂ በኩል ይኬዳል፤ ሁለቱም ዶዶላ አካባቢ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በአዳባ አድርጎ ዲንሾ። አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ወደ ሮቤ የአውሮፕላን በረራም አለ፤ ቀኖቹን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዲንሾ ስለሆነ መግቢያ እዚያ ከፍሎ፣ መሪም እዚያው ይዞ መሄድ ይቀላል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፈውም። ደረሰኙን ያዙ፣ መንገድ ላይ ትጠየቃላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ አካባቢው ጸጥታ ለሆቴሉ ወይም ለፓርኩ ደውሎ መጠየቅ ልማዳችሁ ይሁን። እኔ ሁልጊዜ እደውላለሁ።

ዲንሾ ከቆማችሁ አይቀር አንድ ሰዓት ለጫካው ስጡት። የደጋ አጋዘን መሥሪያ ቤቱ ዙሪያ እንደ ፍየል በቅርብ ይግጣል። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ከውስጥ ሹራብ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ። ጋቢ ለመኪና ውስጥ ጥሩ ነው፤ ኮረብታው ላይ ግን ንፋሱ ይታገላችኋል። የፀሐይ ቅባትና መነጽር አትርሱ፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ይለበልባል። እኔ ፊቴ ሦስት ቀን የተላጠው በውርጭ ሳይሆን በፀሐይ ነው።

መንገዱ ላይ ሱቅ የለም፣ የሚጠጣ ውኃ የለም፣ ዛፍ ጥላም የለም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ። ለምግብ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ ይበቃል። ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ጭኮ ካገኛችሁ ግን ግዙ። ገብስና ቅቤ ነው፤ ትንሿ ጉርሻ ረጅም ሰዓት ትይዛለች፣ ብርድም አይፈታትም። የአካባቢው ሰው ለረጅም መንገድ ሲይዘው የኖረው በምክንያት ነው።

ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ወጥታችሁ ይዛችሁ ውረዱ።

ቀይ ቀበሮ አያለሁ?

ዋስትና መስጠት አይቻልም፤ ግን በዓለም ላይ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በመላው ዓለም የቀሩት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ውስጥ ነው። የኦሮምኛ ስሙ ጀዳላ ፈርዳ ነው፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ፈረስ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል ስለሚባል ነው።

የሚኖረው በመንጋ ነው፤ የሚያድነው ግን ለየብቻ ነው። ምግቡ አይጥና ያ ከላይ ያነሳሁት ፍልፈል ስለሆነ፣ እነሱም ቀን ስለሚወጡ፣ እሱም ቀን ይሠራል። ስለዚህ ሌሊት ማድፈጥ አያስፈልግም። ጠዋት 2 እና 3 ሰዓት አካባቢ ዓይናችሁን ሜዳው ላይ ጣሉት። ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ቀይ ነጥብ ታያላችሁ። ሲያድን ካያችሁት ቁሙ። ሆዱን ወደ መሬት ያስጠጋል፣ አንድ እግር ያነሳል፣ እግሩን ሳያወርድ ይቆማል፣ ጆሮው ብቻ ይዞራል። እኔ ያየሁት አንዱ ለሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ከተጠባበቀ በኋላ አፈሩ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ባዶውን ወጣ። አቧራውን አራግፎ ወደ ሚቀጥለው ቀዳዳ ሄደ።

ሰው አይነካም። እናንተም አትቅረቡት፣ አታሯሩጡት፣ ምግብ አትጣሉለት። መንገድ ዳር ምግብ የለመደ ቀበሮ መኪና ይገድለዋል። ሾፌራችሁንም ሳነቴ ላይ ቀስ እንዲል ንገሩት፤ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ውሻዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

አይቻልም። ቀይ ቀበሮን ወደ መጥፋት ከሚገፉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌው ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ እዚያ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጀ። የተረፉትን ለማዳን ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ። በዚያው ተራሮች ሌላም የውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተነስቷል። የእናንተ ውሻ ንጹሕና የተከተበ ቢሆንም እንኳ ቤት ይቆይ።

ያ ዘንባባ የሚመስለው ተክል ምንድን ነው?

ጅብራ ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ እሱ ብቻ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከሩቅ ሰው ይመስላል። በጭጋግ ውስጥ አንዱን «ሰላም» ልል አፌን ከፍቼ አውቃለሁ።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሎቹ ረጃጅምና ጠንካራ ናቸው፣ ከመሀል ወደ ውጭ በክብ ይዘረጋሉ። ማታ ውርጭ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይታጠፉና መሀሉ ላይ ያለውን ለጋ እንደ ጡጫ ጨብጠው ይይዙታል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው እንደገና ይከፈታሉ። በጠዋት ከደረሳችሁ ግማሹ የተከፈተ፣ ግማሹ ገና የተኛ ጅብራ ታያላችሁ።

ለብዙ ዓመት እንዲህ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ግንድ ሽቅብ ያወጣል። አበባው ሲያልቅ ተክሉም ይሞታል። የቆመው ደረቅ ጥቁር ግንድ ያ ነው። አትደገፉበት፣ ቅጠሉንም ለፎቶ አትቁረጡ።

ከሥሩ መሬቱን የሸፈነው ብርማ ቁጥቋጦ በመንዝ ጓሳ ነጭሎ ከሚሉት ጋር ዘመድ ነው። ጓሳን የሄደ ሰው ሳነቴ ላይ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፤ ሣሩ፣ ውርጩ፣ ቀይ ቀበሮው። ስፋቱ ግን ይለያል። ባሌ በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የውርጭ አገር በአንድ ላይ ሰፍቶ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ነው።

መንገዱ ይጠፋል? ጭጋግ ቢመጣስ?

ጥርት ባለ ቀን መጥፋት ከባድ ነው፤ አንቴናው ከሩቅ ይታያል፣ የጠጠሩ መንገድም እስከ ጫፍ ይወስዳል። ጭጋግ ሲወርድ ግን አሥር ሜትር ማየት ያቅታል፣ ሜዳው ሁሉ አንድ ይሆናል። ያኔ አቋራጭ የለም። የጠጠሩን መንገድ ይዛችሁ ውረዱ። ስልክ አንዳንድ ቦታ ይሠራል፣ አንዳንድ ቦታ አይሠራም፤ በእሱ አትተማመኑ። መሪ መያዝ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ልጆች ይችላሉ? እናቴስ?

ኮረብታው ለልጅ እግር ቀላል ነው። ችግሩ ትንንሽ ልጆች ራሳቸውን ሲያማቸው መናገር አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ በጣም ሕፃናትን ባታወጡ እመርጣለሁ። ከፍ ያሉት ልጆች ግን ይችላሉ፤ ካኮረፉ፣ ምግብ እንቢ ካሉ፣ መጫወት ካቆሙ ከፍታው እንደነካቸው ቁጠሩትና ውረዱ።

እማማን በተመለከተ፦ መኪና እስከ ላይ ስለሚሄድ የሚሻለው እሳቸውን በመኪና ለአጭር ጊዜ ማውጣት ነው። ጤነኛ ከሆኑ ትንሽ ደቂቃ ወርደው ንፋሱን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሐኪማቸው ይወስን። አምባው ላይ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ ዘርግቶ መቀመጥም ትልቅ ነገር ነው።

ጫፉ ላይ ምን አለ?

አንቴናና ግቢው፣ ብዙ ድንጋይ፣ ብዙ ንፋስ። ግቢውን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃ ካለ ጠይቁ።

ከዚያ ጀርባችሁን ለአንቴናው ሰጥታችሁ ዙሪያውን እዩ። በስተሰሜን አምባው ተዘርግቷል፤ ሐይቆቹ እንደ ተሰበረ መስታወት ተበትነው ያበራሉ። በስተደቡብ መሬቱ በድንገት ያበቃል። ከዚያ ማዶ የሀረና ጫካ ነው። ጠዋት ጫካው በደመና ስለሚሸፈን የምታዩት ዛፍ ሳይሆን ከእግራችሁ በታች የተኛ ነጭ ባሕር ነው። የተነሳችሁበትን መኪና ፈልጉት፤ ከአንድ ገብስ ፍሬ አይበልጥም።

የረገጣችሁት ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። በኋላ ደግሞ ይህ ቦታ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። አምባው ላይ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተደርድረው የሚታዩባቸው ተዳፋቶች አሉ። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው ግን መሬቱ እየበረደና እየቀለጠ በብዙ ሺህ ዓመት ነው።

ሰው ይኖርበታል?

አዎ፣ ከብት አርቢዎች አሉ። በባሌ ከብትን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ የማዘዋወር ልማድ ጎዳንቱ ይባላል፤ የቆየ ነው። መንገድ ላይ በፈረስ የሚያልፍ ሰው፣ በጋቢ የተሸፈነ እረኛ ታገኛላችሁ። ቆም ብላችሁ «አካም ጂርቱ» በሉ። ትልቅ ሰው ከሆነ «ኦቦ» ብሎ መጥራት ደግ ነው። ሳትጠይቁ ካሜራ አታንሱ።

የሰው ታሪክ እዚያ ከምታስቡት በላይ ሩቅ ነው። በባሌ ተራሮች ውስጥ 3,400 ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ውጤት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር ያሳያል። በዓለም ላይ ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ እንደኖረ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ቀደምቱ ነው። ምን ይበሉ ነበር? በእሳት የተጠበሰ ፍልፈል። ያው ሣር ሲጎትት ያየነው ፍልፈል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የባልጩት ድንጋይም ከዚያ በላይ ካለው ከፍታ ያመጡ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዳገቱን ስወጣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይሰማኛል።

ፓርኩ ራሱ የተቋቋመው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጥበቃው ግን በየቀኑ በዚያ ብርድ ውስጥ የሚውሉት ስካውቶች ሥራ ነው። ስታገኟቸው አመስግኗቸው።

ከኮረብታው ከወረድኩ በኋላ ወደ ጎባ ልመለስ ወይስ ልቀጥል?

ሰዓት ካላችሁ ቀጥሉ። በዚያው መንገድ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደሄዳችሁ አምባው ያልቅና መኪናው በጥምዝምዝ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። መጀመሪያ የአስታ ቁጥቋጦ ይመጣል። ከዚያ አስታው ዛፍ ይሆናል፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ አረጋዊ ጢም የሚንጠለጠል ነገር ይወርዳል። ሪራ የምትባለዋ መንደር ስትደርሱ ጓንቱን አውልቃችኋል። ከዚያ በታች ሀረና ይጀምራል፤ ቡና በዱር የሚበቅልበት ጫካ ነው።

እኛ ሪራ ላይ ቆመን ቡና ጠየቅን። ባለቤቷ እናታችን «ከላይ ነው የመጣችሁት?» አሉን፣ የተላጠ አፍንጫዬን እያዩ። ከጫካው የመጣ ማር በትንሽ ሳህን፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሁለተኛ ስኒ። ጣቶቼ ስኒውን ይዘው ቀስ በቀስ ሲሞቁ ትዝ ይለኛል።